የ1931 ፎርድ ሞዴል ኤ፦ ወደ ሆት ሮድ ይለወጥ ወይስ እንደተሠራ ይቆይ?

የኩፔው ባለቤት

ለመድረኩ አባላት ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ምክር የምሻበት ጉዳይ ሰፋ ያለ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። በእጄ ያለው መኪና እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራ ባለ ሁለት በር ፎርድ ሞዴል ኤ ኩፔ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ አብሮት የወጣው 3.3 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ነገር ግን ዳገት ላይ ይደክማል፣ ዘይትም ያንጠባጥባል። ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ፣ የፊትና የኋላ ባሌስትራዎቹ ሁሉ የራሱ ናቸው። ላሜራው ከበሮቹ ግርጌና ከኋላ ፓራፋንጎዎቹ ጠርዝ በቀር በዝገት አልተበላም። ቀለሙ ደብዝዟል፤ የጣሪያው ጨርቅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልቋል።

ሆት ሮድ፣ ማለትም ለፍጥነት ተብሎ ሞተሩና አካሉ የተለወጠ አሮጌ መኪና፣ ሁልጊዜ የሚማርከኝ የመኪና ዓይነት ነው። ፓራፋንጎ የሌለው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ከፊቱ ጎንበስ ያለ ኩፔ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል፤ የቪ8 (ስምንት ሲሊንደሮቹ በV ቅርጽ የተደረደሩ) ሞተር ድምፅም ከማንኛውም የመኪና ድምፅ ይበልጥብኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ያሰብሁት የራሱን ሞተር አውጥቼ ቪ8 ለማስገባት፣ ጣሪያውን ቆርጬ ዝቅ ለማድረግ፣ ፓራፋንጎዎቹንና የጎን መርገጫዎቹን ለማንሣት ነበር። ይሁን እንጂ መኪናውን ቀርቤ በመረመርሁት መጠን እጄ እየሳሳ መጥቷል። ከዘጠና ዓመት በላይ የራሱን ሞተርና የራሱን ካምቢዮ ይዞ የቆየ መኪና ላይ መቁረጫ ማሳረፍ ተገቢ ነው ወይ? በሌላ በኩል ደግሞ እንደ ጥንቱ አድሼው ፍጥነቱ እንደ ጥንቱ ሲሆን፣ የምነዳበት መንገድ እየጠፋ ከጋራዥ የማይወጣ ዕቃ ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ። በሁለቱም ወገን ያላችሁ ሰዎች ምክንያታችሁን ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ማኅደር

ጥያቄውን መቁረጫው ከመነሣቱ በፊት ስላቀረቡት ደስ ብሎኛል። እኔ በግልጽ እንዲጠበቅ ከሚፈልጉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

ፎርድ ሞዴል ኤን ከ1927 መጨረሻ እስከ 1932 መጀመሪያ ድረስ ሲያመርት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ መኪና አውጥቷል። ከዚህ የተነሣ «ይህ ብርቅ መኪና አይደለም፤ አንዱ ቢቆረጥ ማን ይጎዳል?» የሚል መከራከሪያ በቅርቡ እዚህ መነሣቱ አይቀርም። ሞዴሉ ብርቅ አለመሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከእነዚያ መኪኖች ውስጥ ከፋብሪካ የወጣበትን ሞተር፣ ካምቢዮ፣ አክስልና ላሜራ በአንድ ላይ ይዞ እስከ ዛሬ የደረሰው ምን ያህል ነው? አብዛኞቹ በዘመናቸው ተበልተው ተጥለዋል፤ ብዙዎቹ ለመለዋወጫ ተበታትነዋል፤ ከተረፉትም ውስጥ ታድሰው እንደ አዲስ የሚያብረቀርቁት በርካታ ናቸው። ያልተነካ መኪና ከታደሰው የሚለይበት ነገር አለ። ቀለሙ በስንት ንብር እንደተቀባ፣ የትኛው ብሎን በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ፣ ብየዳው እንዴት እንደተጨረሰ፣ መቀመጫው በምን እንደተሞላ፣ ይህ ሁሉ በመኪናው ላይ እንደተጻፈ ይገኛል። ጥሩ እድሳት እንኳ ከዚህ ማስረጃ ከፊሉን ያጠፋል፤ መቆረጥ ደግሞ ጨርሶ ያጠፋዋል።

የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያወጣው የቱሪን ቻርተር የሚባል ሰነድ አለ። ሰነዱ አሮጌ መኪና አይነዳ አይልም፤ እንዲያውም በመንገድ ላይ መነዳቱን እንደ አንድ የጥበቃ ዘዴ ያየዋል። ለደኅንነት ሲባል ለውጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ለውጡ ጥቂት፣ የማይጎላና ወደ ቀድሞው ሊመለስ የሚችል እንዲሆን፣ የወለቀውም ዕቃ ከመኪናው ጋር እንዲቀመጥ ይመክራል። ለእርስዎ መኪና ትክክለኛው መለኪያ ይህ ይመስለኛል። የሚያደርጉትን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት «ከእኔ በኋላ የሚመጣው ባለቤት ይህን በቁልፍ ብቻ ፈትቶ ወደነበረበት ሊመልሰው ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ቀጥታ መስመር

ወንድሜ ማኅደር የጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ሆት ሮድ ከታሪክ ውጭ ቆሞ ታሪክን የሚያጠፋ ነገር ተደርጎ መቅረቡን አልቀበልም። ሆት ሮድ ራሱ የሞዴል ኤ ታሪክ አካል ነው። በ1930ዎቹ በደቡብ ካሊፎርኒያ የነበሩ ወጣቶች በርካሽ ያገኟቸውን ያገለገሉ ፎርዶች ወደ ሙሮክና ወደ ሌሎች የደረቁ የሐይቅ ወለሎች እየወሰዱ ፍጥነታቸውን ያስለኩ ነበር። ፓራፋንጎው የወለቀው ለማማር ሳይሆን ክብደትና የነፋስ ግፊት ለመቀነስ ነው፤ ጣሪያውም ዝቅ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ክለቦቹ በ1937 ተሰባስበው የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰዓት መለኪያ ማኅበርን መሠረቱ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በ1949 በቦንቪል የጨው ሜዳ ውድድራቸውን ጀመሩ። በ1951 ደግሞ ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበርን ሲያቋቁም ከዓላማዎቹ ዋነኛው ወጣቶቹ በሕዝብ ጎዳና ላይ የሚያደርጉትን እሽቅድምድም አስትቶ ደኅንነቱ ወደተጠበቀ ሜዳ ማምጣት ነበር። ይህ ሁሉ የተሠራው አሮጌ መኪና በመቁረጥ ነው።

ጥንቃቄ ወዳድ የሆኑት የመኪና ውበት ውድድሮች ሳይቀሩ ይህን ተቀብለዋል። በካሊፎርኒያ ፔብል ቢች የሚካሄደው ታዋቂ ትርኢት በ1997 ለታሪካዊ ሆት ሮዶች የራሳቸውን ምድብ ከፍቶላቸዋል። ስለዚህ ባለቤቱ በፍቅር፣ በጥሩ ብየዳና በዘመኑ አሠራር ቢሠራው ያንን የእጅ ሙያ እያስቀጠለ ነው እንጂ ወንጀል እየሠራ አይደለም። መኪናው የእርሱ ነው፤ የሚወደውን ነገር እንዳይሠራ በጸጸት ማሰር ተገቢ አይመስለኝም።

የሻንሲ ሰው

ስለ ታሪኩ የሚከራከሩት ሁለቱም ወገኖች ዕውቀት ያላቸው ስለሆኑ እኔ ወደ ብረቱ ልግባ፤ ምክንያቱም ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሰዎች ከሞተሩ ስለሚጀምሩ ነው።

የሞዴል ኤ ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው። ሻንሲው (አካሉና ሞተሩ የሚያርፉበት የብረት መሠረት)፣ ፍሬኑ፣ መሪውና አክስሎቹ በሙሉ የተለኩት ለዚያ ጉልበትና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም ለማያልፍ ከፍተኛ ፍጥነት ነው። የሻንሲው ሁለት ረጃጅም ብረቶች በአንድ ጎናቸው ክፍት የሆኑ፣ ከስስ ብረት የታጠፉ ናቸው። መንገዱ ጎርበጥ ሲል መጠምዘዛቸው ጉድለት አይደለም፤ መኪናው የታሰበው ከነባሌስትራው እንዲጠማዘዝ ሆኖ ነው። በዚህ ላይ ሁለትና ሦስት እጥፍ ጉልበት ያለው ሞተር ሲጫን ግን መጠምዘዙ ወደ ላሜራው ይሄዳል፤ በሮች መዘጋት ያስቸግራሉ፣ የብየዳ መስመሮች ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ የሻንሲው ክፍት ጎን ከውስጥ በብረት ተዘግቶ እንደ ሳጥን መበየድ፣ መሃሉም በአዲስ ማቋረጫ መታሰር አለበት። የድሮ ሆት ሮድ ሠሪዎች የሞዴል ኤን አካል አንሥተው በ1932 ፎርድ ሻንሲ ላይ ያስቀምጡ የነበረው የዚያ ሻንሲ ብረት ይበልጥ ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ መልኩም ያምር ነበር፣ ጥንካሬው ግን ይቀድማል።

ቀጥሎ ፍሬኑ ነው። የእርስዎ መኪና ፍሬን በዘንግ የሚሠራ ነው፤ ዘይትም ሆነ ቱቦ የለውም፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ብረት ብረትን ይስባል። አራቱ ጎማዎች እኩል ተስተካክለው፣ ታምቡሮቹም ክብ ከሆኑ በራሱ ፍጥነት ላይ ያለ መኪናን በአግባቡ ያቆማል፤ ስለዚህ የዘንግ ፍሬን ብላችሁ አትናቁት። ነገር ግን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት ሊቀይረው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከ60 ኪሎ ሜትር ለማቆም የተለካ ፍሬን በ120 ላይ ምን እንደሚገጥመው ያስቡት። ፎርድ ራሱ የሃይድሮሊክ ፍሬን ያስገባው በ1939 ሞዴሎቹ ላይ ነው፤ ከ1939 እስከ 1948 ካሉት የፎርድ መኪኖች የተወሰደ ፍሬን በሞዴል ኤ አክስል ላይ መግጠምም ለብዙ አሥርት ዓመታት የተለመደ ሥራ ነው። ቪ8 ለማስገባት የሚያስብ ሰው ሞተሩን ከመግዛቱ በፊት ይህን ጨርሶ ማየት አለበት።

ሦስተኛው ነገር ብዙዎች የሚዘነጉት የነዳጅ ታንከሩ ነው። በሞዴል ኤ ላይ ታንከሩ ያለው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ለፊት ነው፤ ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል። በዝግታ ለሚሄድ መኪና ይህ ቀላልና አስተማማኝ አሠራር ነበር። በከፍተኛ ፍጥነት ለሚሄድ መኪና ግን ቤንዚን ከጉልበት ፊት ማስቀመጥ አይመከርም፤ ታንከሩን ወደ ኋላ ማዛወር፣ ፓምፕና አዲስ ቱቦ መዘርጋት ያስፈልጋል። መኪናው ባለ 6 ቮልት በመሆኑም የኤሌክትሪክ መስመሩ በሙሉ መቀየሩ አይቀርም።

እንግዲህ «ሞተር መቀየር» የተባለው ሥራ ሲዘረዘር ሻንሲ፣ ፍሬን፣ አክስል፣ መሪ፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ራዲያተር፣ ታንከርና ሽቦ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው መኪና የሚተርፈው አካሉ ብቻ ነው፤ ጣሪያው ከተቆረጠ እርሱም ሙሉ አይደለም። አይሠራ ማለቴ አይደለም፤ እኔ ራሴ የምሠራው ይህንኑ ነው። የምለው፣ ያልተነካው መኪናዎ በዚህ ሥራ ውስጥ የሚሰጠው ጥቅም ከሚመስለው እጅግ ያነሰ ነው።

ረጅም መንገድ

አንድ አጭር ጥያቄ ብቻ አለኝ። መኪናውን የት፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ ከማን ጋር ሊነዱት ነው? ይህ ሳይመለስ የሞተሩ ምርጫ ሊመለስ አይችልም።

የኩፔው ባለቤት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የምነዳው ብዙውን ጊዜ ብቻዬን ወይም ከባለቤቴ ጋር፣ በእረፍት ቀናት፣ ጠመዝማዛና ዳገት በሚበዛባቸው የገጠር መንገዶች ላይ ነው። ወደ ፈጣን አውራ ጎዳና መውጣት ግድ ሲሆን ለጥቂት ርቀት ብቻ ነው። በሐቀኝነት ስመልስ፣ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ የምሄድበት አጋጣሚ የለኝም። ዳገት ላይ ሰው ከኋላዬ ሳይሰለፍ መውጣት ግን በጣም እፈልጋለሁ። የሻንሲው ሰው የዘረዘሩትን ስመለከት ሥራው ከገመትሁት ሦስት እጥፍ መሆኑን ተረድቻለሁ።

አራት ሲሊንደር

እንግዲያው መልስዎ ቪ8 ላይሆን ይችላል። ስለ ሆት ሮድ ሲነገር ቪ8 ብቻ የሚታወሰው ስህተት ነው። ፎርድ 3.6 ሊትር፣ 65 የፈረስ ጉልበት ያለውን ቪ8 ያወጣው በ1932 ነው፤ የደረቁ ሐይቆች እሽቅድምድም ግን ከዚያ በፊትም ነበረ፣ ከዚያም በኋላ ባለ አራት ሲሊንደር መኪኖች ለዓመታት ቪ8ቱን ሲፎካከሩ ኖረዋል። ኤድ ዊንፊልድ ለእነዚህ ሞተሮች የሠራቸው የሲሊንደር ራሶች፣ ቫልቮችን የሚከፍቱ ካምሻፍቶችና ካርቡሬተሮች፣ ጆርጅ ራይሊም ቫልቮቹን ወደ ላይ ለማምጣት ያዘጋጃቸው ራሶች በዘመናቸው የተከበሩ ነበሩ። አራት ሲሊንደሩን አጠንክሮ የሚነዳ ሰው ከሆት ሮድ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነው የቆመው።

አሁን ወደ ተግባሩ። የእርስዎ ሞተር ዳገት ላይ የሚደክመው በከፊል ስላረጀ፣ በከፊል ደግሞ የመጨመቂያ መጠኑ (በሲሊንደሩ ውስጥ የገባው ጋዝ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ የሚያሳየው ቁጥር) 4.22 ለ 1 ብቻ ስለሆነ ነው። ይህ በዘመኑ ለነበረው ደካማ ቤንዚን የተለካ ነው። ዛሬ የሚገኘው ቤንዚን ከዚያ እጅግ የተሻለ ስለሆነ፣ መጨመቂያውን ወደ 5.5 ወይም ወደ 6 ከፍ የሚያደርግ የሲሊንደር ራስ መግጠም ይቻላል። በነበሩት ብሎኖች ይታሰራል፤ ምንም ነገር አይቆረጥም፤ የድሮው ራስ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ዳገት ላይ ለውጡ ወዲያውኑ ይሰማል። በዚህ ላይ የተሻለ ካምሻፍት፣ ሰፋ ያለ የጭስ መውጫና ሁለት ካርቡሬተር ቢጨመር ሞተሩ ሌላ ጠባይ ይይዛል።

ማስጠንቀቂያም አለኝ፤ ከዚህ ሁሉ በፊት የሞተሩ ታች መታየት አለበት። የሞዴል ኤ ኮሎ (የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) በሦስት መያዣዎች ላይ ብቻ ይዞራል፤ ክብደት ማመጣጠኛም የለውም፤ የሚቀመጠውም ቀልጦ በፈሰሰ ለስላሳ ብረት ላይ ነው። ይህ ለስላሳ ብረት ዘጠና ዓመት ከቆየ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ተሰነጣጥቆ ባለበት ሞተር ላይ መጨመቂያውን ከፍ ማድረግ ሞተሩን መግደል ነው። ዘይት መሰብሰቢያው ይውረድ፣ የኮሎው ክፍተት ይለካ፣ አስፈላጊም ከሆነ በሙያተኛ እንደገና ይፍሰስ ወይም ዘመናዊ ብሮንዚን (የኮሎ ማረፊያ) እንዲገጠምለት ይደረግ፤ ኮሎው ከፍላይዊሉና ከፍሪሲዮኑ ጋር አብሮ ክብደቱ ቢመጣጠን ደግሞ የሞተሩ መንቀጥቀጥ በእጅጉ ይቀንሳል። እኔ ገንዘቤን በሙሉ እዚህ ላይ አፈስስ ነበር፤ ካርቡሬተሩ ይቆያል። የፍሬን ታምቡሮቹንም ከፋብሪካው ስስ ብረት ወደ ቀልጦ የተሠራ ወፍራም ብረት ይለውጧቸው፤ ዘንጎቹ ሳይነኩ ፍሬኑ በግልጽ ይሻሻላል። ከካምቢዮው በስተኋላ የሚገባ ተጨማሪ ማርሽም አለ፤ በሜዳ መንገድ የሞተሩን ዙር ስለሚቀንስ በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ጆሮም ሞተርም ያርፋል።

ማኅደር

የአራት ሲሊንደር ምክር እኔ ልናገር ከፈለግሁት የተሻለ ነው። ለቀጥታ መስመርም አንድ ነገር ልመልስ። ሆት ሮድ ታሪክ ነው ያሉትን እቀበላለሁ፤ በ1940ዎቹ የተሠራ ሆት ሮድ አግኝቶ ወደ ፋብሪካው መልክ የሚመልሰው ሰው እኔ ፊት ተከራካሪ ያገኛል፤ ያም ማስረጃ ማጥፋት ነውና። ነገር ግን ያኔ መኪናውን የቆረጠው ወጣት በእጁ የነበረው ያገለገለ ርካሽ መኪና ነው፤ እንደ እርሱ ያለ በየመንደሩ በብዛት ቆሞ ነበር። ዛሬ ያንኑ ተግባር ስንደግም ሁኔታው ያው አይደለም፤ ያልተነካው እየተመናመነ ሄዷል። የእነርሱን መንፈስ መከተል ካስፈለገ እነርሱ የተጠቀሙት የተጣለውን ነበር፤ የተጣለውን እንጠቀም።

ቀጥታ መስመር

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትክክል ነው፤ እቀበለዋለሁ። በሌላው ግን አቋሜ አልተለወጠም። ባለቤቱ በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ የቪ8 ድምፅ ከሁሉ እንደሚበልጥበት ጽፏል። አራት ሲሊንደሩን የቱንም ያህል ብናጠነክረው ያንን ድምፅ አይሰጥም። ሰው የልቡን ነገር ትቶ በምክንያት ብቻ የመረጠው መኪና ጥቂት ቆይቶ ለሽያጭ ይቀርባል፤ ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስለዚህ እውነተኛ ሆት ሮድ ከፈለገ መንገዱ ሌላ ነው፤ በዚህኛው መኪና አይጀምር። አካሉ የዛገ፣ ሞተር የሌለው፣ ቀድሞ ተቆርጦ የተተወ ሞዴል ኤ ይፈልግ፤ ካላገኘም ዛሬ የሞዴል ኤም ሆነ የ1932 ፎርድ አካል ከአዲስ ብረት ተሠርቶ ይሸጣል። አዲስ አካል፣ አዲስ ጠንካራ ሻንሲ፣ የሃይድሮሊክ ፍሬን፣ ከዚያ በላዩ የሚወደው ሞተር ይቀመጣል። የድሮውን መልክ የሚሻ ከሆነ ቫልቮቹ በሲሊንደሮቹ ጎን ያሉት የፎርድ ቪ8 አለ፤ ውበቱ ወደር የለውም፣ ነገር ግን የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣው በብሎኩ ውስጥ አልፎ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ላይ ትልቅ ጫና ያሳድራል፤ ራዲያተሩ ጥሩ መሆን አለበት። ጉልበትና ቅለት የሚሻ ከሆነ ሸቭሮሌት በ1955 ያወጣው ትንሹ ቪ8 ዘር አለ፤ 4.3 ሊትር ሆኖ 162 የፈረስ ጉልበት ይዞ የጀመረ፣ ለመጠገን የቀለለ፣ ዕቃውም በየቦታው የሚገኝ ነው። ሆት ሮድ ሠሪዎች የፎርዱን ትተው ወደዚህኛው የሄዱት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ላሜራ ሠሪዋ

ጣሪያ ስለ መቁረጥ ማንም በዝርዝር ስላልተናገረ እኔ ልጨምር፤ ሥራዬ ይህ ነው። ሞዴል ኤ ኩፔ ለዚህ ሥራ ከሌሎች ይቀላል፤ የፊት መስታወቱና የጎን ምሰሶዎቹ ከኋላ ዘመን መኪኖች ይልቅ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ፣ ከመሃል ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ሲወጣ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ ብዙ ሳይራራቁ ይገናኛሉ። መስታወቶቹም ጠፍጣፋ ስለሆኑ በልክ ይቆረጣሉ። ይህን ሰምቶ «ቀላል ነው» ብሎ የሚጀምር ግን ብዙ ነው፤ የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የሞዴል ኤ ጣሪያ መሃሉ ብረት አይደለም፤ በእንጨት ቅስቶች ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው። ጣሪያው ሲወርድ እንጨቱ በሙሉ እንደገና ይሠራል፤ የበሮቹ መስታወት መሄጃ ያጥራል፤ የኋላው መስኮት መጠን ይለወጣል፤ በር የሚዘጋበት መስመር በሚሊ ሜትር ቢዛባ ዝናብ ያስገባል። ምሰሶ ከመቆረጡ በፊት በሮቹ ተዘግተው፣ አካሉ ከውስጥ በብረት ቱቦ ታስሮ መበየድ አለበት፤ ካልታሰረ ይከፈታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚነዳው ሰው ቁመት ይለካ። ራሱ ጣሪያ የሚነካ ነጂ የትራፊክ መብራት ለማየት አንገቱን እየሰበረ ይኖራል።

ፓራፋንጎ ማንሣት ግን ከዚህ ይለያል። በብሎን የታሰረ ነው፤ ይፈታል፣ ይታሰራል። መኪናው ያለ ፓራፋንጎ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ ሰው አውልቆ ቢያየው አካሉ አይጎዳም። ሕጉ ያለ ፓራፋንጎ መንዳት የሚፈቅድ መሆኑን ግን አስቀድሞ ያጣራ፤ የሚከለክልባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። የበሮቹን ግርጌ ዝገት በተመለከተ የታችኛውን ጠርዝ ብቻ ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ይበቃል፤ በስቱኮ መሸፈን አያስፈልግም፣ በሩን በሙሉ መቀየርም አያስፈልግም።

የኩፔው ባለቤት

የእናንተን መልስ ደጋግሜ ካነበብሁ በኋላ፣ ጉዳዩን ከባለቤቴም ጋር ከተወያየሁበት በኋላ፣ ይህን ወስኛለሁ። ኩፔው አይቆረጥም። መጀመሪያ ዘይት መሰብሰቢያው ወርዶ ኮሎው ይመረመራል፤ በውጤቱ መሠረት የሞተሩ ታች ይታደሳል፣ ክብደቱም ይመጣጠናል። ከዚያ ከፍ ያለ መጨመቂያ ያለው ራስ፣ ቀጥሎም የታምቡሮቹ ቅያሪና ተጨማሪው ማርሽ ይከተላሉ። ቀለሙን እንዳለ አጥቤ እጠብቀዋለሁ፤ ጣሪያው በአዲስ ጨርቅ ይሸፈናል፤ የበሮቹ ግርጌ ላሜራ ሠሪዋ እንዳሉት ይጠገናል። የሚወልቀው ዕቃ ሁሉ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጣል።

የቪ8ቱን ፍላጎት ግን አልተውሁትም፤ ቀጥታ መስመር ስለ ልብ የጻፉት እውነት ነውና። የተጣለ ሻንሲና አካል መፈለግ እጀምራለሁ፤ እስከሚገኝ ድረስም የሃይድሮሊክ ፍሬን ዕቃዎችን አንድ በአንድ እሰበስባለሁ። ሻንሲው ሲገኝ የሻንሲው ሰው እንዲያዩልኝ ከአሁኑ እለምናለሁ።

የሻንሲ ሰው

በደስታ አያለሁ። የተጣለ ሻንሲ ሲመለከቱ መጀመሪያ የሚታየው ዝገት አይደለም፤ ከአራቱ ማዕዘኖች በሰያፍ ይለኩት፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ አንድ ጊዜ ተመትቶ ተጣሟል ማለት ነው። ከዚያ ባሌስትራው የሚታሰርበትን የፊትና የኋላ ማቋረጫ በሽቦ ብሩሽ አጥርተው ስንጥቅ መኖሩን ይፈልጉ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ስለ ኩፔውም አንድ ሥራ ልጨምር። ሞተሩን ከማውረድዎ በፊት በብሎኩ ግራ ጎን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በግልጽ ፎቶግራፍ አንሥተው ይያዙ። ያው ቁጥር በሻንሲው የግራ ብረት ላይም ከላይ ተመትቶ ነበር፤ በአካሉ ሥር ስለተሸፈነ አካሉ ሳይነሣ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። እርስዎ አካሉን አያነሡም፤ ስለዚህ ያንን ለማየት ብለው አይፍቱት። ይሁንና በመኪናው ሰነድ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከብሎኩ ጋር የሚስማማ መሆኑን አሁኑኑ ያስተያዩ። የሚለያይ ከሆነ ሞተሩ በአንድ ወቅት ተቀይሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ምንም ሳይፈታ እዚህ ይጻፉልን።

የኩፔው ባለቤት

ከመብራት ጋር ገብቼ አይቼዋለሁ፤ የብሎኩ ቁጥርና የሰነዱ ቁጥር አንድ ናቸው። ዘይት መሰብሰቢያው ሲወርድ የኮሎውን ልኬት ከፎቶግራፍ ጋር እዚሁ አቀርባለሁ።